የደረጀ ደረጃ

መጀመሪያ አንድ ነገር እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የሚያምን ሰው አይደለሁም። ቤታችን የጴንጤ ቤት ነው፣ አዬ የምንላት እናታችን በልጅነታችን ስለ ሙት መንፈስ የሚያወራ ልጅ ወደ ግቢያችን ከመጣ «እሱን ከደጅ ጥለህ ግባ» ትለው ነበር። እኔም አድጌ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ጠባዬ ያው ነው፣ ጓደኞቼ በጌዶ መንገድ ነጭ ለብሳ መኪና ስለምታስቆም ሴት ሲያወሩ ሹፌሩ የቃመው ጫት የየት አገር እንደሆነ የምጠይቀው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ይሄን የምጽፈው እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም፣ የሆነውን እንደሆነ ልንገራችሁ ብዬ ነው፣ ጽሑፍ ላይ ጎበዝ አይደለሁም፣ የተደናቀፍኩበት ቦታ ካለ ታገሱኝ።

ከመጨረሻው ደህና ቀን ልጀምር።

ታላቅ ወንድሜ ደረጀ አምቦ ውስጥ የቤት ፕላን የሚያወጣባት አንዲት ክፍል ሱቅ ነበረችው። እኔ አብሬው እውላለሁ፣ ፕሪንት አደርጋለሁ፣ ወረቀት አጥፋለሁ፣ ቀለል ያለ መስመር እሱ እየነገረኝ አሰምራለሁ። ከተማው «ደረጀ ደረጃ» ነው የሚለው፣ ለምን መሰላችሁ፣ ፎቅ ቤት ሲሠራ ሰውን የሚያስቸግረው ደረጃው ነው፣ አንዱ እርከን ከሌላው በትንሽ ከበለጠ ሰው ይደናቀፋል፣ ከጎደለ መጨረሻው ግድግዳ ጋር ይጋጫል፣ የደረጀ ደረጃ ግን አንድም ቀን ተጋጭቶ አያውቅም። ፕላን የምንሠራበት ፕሮግራም፣ ባጭሩ ካድ የምንለው፣ የራስህን ትእዛዝ ጽፈህ እንድታስገባበት ይፈቅዳል፣ ስክሪፕት ይሉታል፣ ደረጀም ከዓመታት በፊት ለደረጃ የሚሆን ስክሪፕት ጽፎ ነበር። ሦስት ፊደል ይመታል፣ ዲ፣ አር፣ ጄ፣ ስምህ ነው ወይስ ደረጃ ለማለት ነው ሲሉት ልዩነቱ ምንድን ነው ይላል። ኮምፒውተሩ «መቃ?» ብሎ ይጠይቀዋል፣ በኦሮምኛ ስንት እንደማለት ነው፣ የእርከኑን ቁጥር ይሰጠዋል፣ ደረጃው ከታች እስከ ላይ ራሱን ይዘረጋል፣ ሲጨርስ «ቶሌ» ይላል፣ እሺ ማለቱ ነው። ለምን በአማርኛ አላስጠየቅከውም ስለው፣ የግዕዙን ፊደል ሲያይ የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው የሚደረድረው፣ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ ግን እንግባባለን አለኝ።

የዚያን ቀን አንድ ጡረተኛ መጡና ጎረቤታቸው ጂ ፕላስ ዋን ስለሠራ የእሳቸው ጂ ፕላስ ዋን ተኩል እንዲሆን ጠየቁ፣ በጣሪያው ላይ አልፈው ማየት ነው የፈለጉት። ደረጀ ፊቱን ሳይፈታ «ግማሹን ፎቅ ለማን ሊያከራዩት ነው፣ ለድመት?» አላቸው። ሰውየው ተቆጥተው ሊወጡ በሩ ድረስ ሄዱ፣ ከዚያ ሳቃቸው አሸነፋቸውና ተመልሰው ተቀመጡ። ሰው ይወደው ነበር፣ ይሄን የምለው ወንድሜ ስለሆነ አይደለም።

ማታ ስንዘጋ በማግስቱ ጌዶ እንደሚሄድ ነገረኝ። ኦቦ ቶለሳ የሚባሉ የከብት ነጋዴ እዚያ ቤት እያሠሩ ነበር፣ ፕላኑ አልቆ ሳለ መሬቱ ሲቆፈር ያልተጠበቀ ዳገት ወጣ፣ ስለዚህ ቁመቱ ተለክቶ ደረጃው እንደገና መሠራት ነበረበት። ጌዶ ብርድ ነው ብሎ ጃኬቴን ተዋሰኝ፣ እኔም «ከነጭቃው እንዳታመጣው» አልኩት። ለወንድሜ የተናገርኩት የመጨረሻ ነገር ይሄ ነው።

በማግስቱ ከሰዓት ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና በዝናቡ ተንሸራቶ ገደል ገባ። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም፣ አልችልም።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ሱቁን የከፈትኩት ሥራ ልሠራ ሳይሆን ቤት ውስጥ አዬን ማየት ስላቃተኝ ነው። እሱ በሚቀመጥበት ተሽከርካሪ ወንበር ላይ መቀመጥ አልቻልኩም፣ የደንበኞቹን በርጩማ ወደ ጠረጴዛው አስጠግቼ ኪቦርዱን ወደ እኔ ስቤ ነበር የምሠራው፣ ወንበሩ ከጎኔ ባዶውን ይቆማል። አንድ ቀን ኦቦ ቶለሳ ከጌዶ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ፣ ያን ባዶ ወንበር አዩና ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆሙ፣ ደረጀ የመጨረሻውን ልኬት የወሰደው መሬታቸው ላይ ስለነበር በራሳቸው ላይ ፈርደው ነበር። ከዚያ እሱ በወረቀት ጽፎ የተወላቸውን ልኬት ሰጡኝ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ሌላ ሰው ጋ አልወስደውም» አሉኝ። «የጀመረው እሱ ነው፣ የእሱ ደረጃ ይሁንልኝ፣ አንተ ጨርሰው።»

እሺ አልኳቸው። ምን አስቸገረኝ፣ ሦስት ፊደል መምታት ነው፣ ሲሠራ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ፕላኑን ከፈትኩ፣ ሦስቱን ፊደል መታሁ፣ «መቃ?» አለኝ፣ ቁጥሩን ሰጠሁት፣ ደረጃው ተዘረጋ፣ «ቶሌ» አለ። ግን የወጣው ነገር ደረጃ አይደለም። የታችኞቹ እርከኖች ልክ ናቸው፣ ከመሃል ጀምሮ ግን መስመሮቹ ተጣመሙና ሁሉም ወደ አንድ የግድግዳ ጥግ ሮጡ፣ ዝናብ ሲመጣ በአንዲት ጠባብ በር ልግባ ብሎ እንደሚጋፋ የፍየል መንጋ። አጠፋሁት፣ እንደገና ሠራሁት፣ ያው ነው። ሌላ ጊዜ ሥዕሉን አቅርቤ እያየሁ ስሠራው ልክ መጣ፣ ደስ አለኝ፣ አርቄ ስሠራው ደግሞ ተበላሸ። በአንድ ትእዛዝ፣ በአንድ ቁጥር፣ አንዴ ልክ አንዴ ስህተት፣ ይሄ ነው ያሳበደኝ።

ሲያቅተኝ ፕሪንት አድርጌ ወደ ጋሼ ብርሃኑ ወሰድኩት። ጋሼ ብርሃኑ ፈቃድ ያለው መሐንዲስ ነው፣ ደረጀ ይሥላል፣ እሱ አይቶ ይፈርማል፣ ለዓመታት አብረው የሠሩት እንዲህ ነው። ወረቀቱን ሲያይ መጀመሪያ ሳቀ፣ ይሄ ደረጃ ነው ወይስ ማራገቢያ አለኝ፣ ከዚያ ትእዛዙ ያወጣው እንደሆነ ስነግረው ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ለሚ፣ ይሄ ትእዛዝ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርግ ነበር?»

አላውቅም አልኩት። ደረጀ በዚህ ትእዛዝ የሠራውን ቤት ሁሉ በሐሳቡ እየቆጠረ እንደሆነ ገባኝ፣ አምቦ፣ ጌዶ፣ ሸነን፣ አዲስ ዓለም። ሱቅ ድረስ መጣና የቀሩትን ጥቂት የቆዩ ሥዕሎች አብረን ከፍተን አየን፣ ደረጃቸው ልክ ነው፣ ግን እሱን አላሳረፈውም። አብዛኞቹ ሥዕሎች የነበሩት መብራት ባቃጠለው የድሮ ኮምፒውተር ላይ ነው። ደረጀ የተበላሸውን አይቶ በእጁ ያስተካክለው ከነበረስ፣ ደክሞት ሳያየው ያለፈውስ ካለ፣ ገና በፕላኑ መሠረት እየተገነባ ያለስ ቤት ካለ? ትንሽ ስህተት በወረቀት ላይ አይታይም አለኝ፣ አሮጊት ስትወርድበት ነው የሚታየው። ፊርማው ደግሞ የራሱ የጋሼ ብርሃኑ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፣ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያው ነበር የማደርገው፣ ለማዘጋጃ ቤቱ ነግሮ የደረጀ ፕላን ያለው ሰው ሁሉ ተጠርቶ ደረጃው እንዲለካ ማድረግ አለብኝ አለ። እስከ ነገ ጠዋት ምክንያቱን ካገኘህልኝ አገኘህ፣ ካላገኘህ መሄዴ ነው አለኝ፣ ሲወጣም ትከሻዬን ነካ አደረገ።

ወሬ ደግሞ አይጠብቅም። እኩለ ቀን ላይ ወረቀት ልገዛ ስሄድ አንድ ቅየሳ የሚሠራ ልጅ፣ እኔ ከኋላው መቆሜን ሳያውቅ፣ ደረጀ ደረጃ መሆኑ ቀርቶ ደረጀ ገደል ሊባል ነው ብሎ ለጓደኛው ሲነግረው ሰማሁ። ስለ ደረጃው ነው የቀለደው፣ ስለ መኪናው አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እመኑኝ፣ ወረቀቱን ሳልገዛ ነው የተመለስኩት። አዬ ልጇን ቀብራለች፣ አሁን ደግሞ ስሙን ልትቀብር ነው፣ በጭንቅላቴ የሚዞረው ይሄ ብቻ ነበር።

ሱቁን ከውስጥ ዘግቼ ስክሪፕቱን ከፈትኩ። እንግሊዝኛና ቅንፍ ነው፣ ቅንፍ በቅንፍ ውስጥ፣ አንዷን ነክተህ ካጎደልክ ሁሉም ይቆማል። ትምህርት ቤት የተማርኩት ኮምፒውተር ስለ ማውስና ስለ ኪቦርድ ነው፣ ይሄን ማንም አላስተማረኝም፣ ግን እየተንተባተብኩ ማንበብ ጀመርኩ። አንዱን መስመር ቀየርኩ፣ ትእዛዙ እስከነአካቴው እምቢ አለ፣ መለስኩት። ሌላውን ቀየርኩ፣ ደረጃው ተገልብጦ ወደ ታች ወረደ፣ መለስኩት። ቁጥሩን የሚያካፍልበትን ቦታ አገኘሁና በስልኬ ማስያ ደጋግሜ ሠራሁት፣ ልክ ነው። ስህተት የለበትም። ስህተት የሌለበት ነገር ስህተት ሲሠራ ምን ይደረጋል?

ዝናቡ ጀመረ፣ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ታውቁታላችሁ፣ የራስህን ድምፅ አያሰማም። ትንሽ ቆይቶ መብራት ጠፋ፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው ዩፒኤስ ጲጵ፣ ጲጵ ማለት ጀመረ፣ ስክሪኑ ብቻ ክፍሏን ሰማያዊ አደረጋት። ማጥፋት ነበረብኝ፣ አላጠፋሁም። መብራቱ ተመለሰ፣ ጲጵታው ቆመ፣ ዝናቡም እንደ ተስማሙ ሁሉ ቀነሰ፣ ክፍሏ በአንዴ ጸጥ አለች። ያኔ ነው የመጀመሪያውን የሰማሁት።

ፉስስስ አለ።

የደረጀ ወንበር ጋዙ የደከመ ነው፣ ሰው ሲቀመጥበት ፉስስ እያለ በቀስታ ይወርዳል፣ ደንበኛ ሲስቅበት ወንበሬ ይተነፍሳል ይል ነበር። ዞሬ አየሁት። ባዶ ነው። ዝቅ ብሏል ወይስ የዱሮው ነው፣ መለየት አልቻልኩም፣ አጥብቄ አይቼው አላውቅም ነበርና። ያረጀ ነገር በራሱ ይተነፍሳል ብዬ ለራሴ ነገርኩትና ወደ ስክሪኑ ተመለስኩ፣ እንዳልኳችሁ የማምን ሰው አይደለሁም። ግን አንገቴ ላይ ያለው ጸጉር የነገርኩትን አልሰማኝም።

አንድ ጊዜ ደግሜ ሞከርኩ። «መቃ?» አለኝ፣ ሰጠሁት፣ ፍየሎቹ ወደ ጥጋቸው ሮጡ፣ «ቶሌ» አለኝ። እንዴት ልበላችሁ፣ ያቺ «ቶሌ» ናት ያስለቀሰችኝ፣ እሱ ነው እኮ የጻፋት፣ ሁሉም ተበላሽቶ ሳለ እሺ፣ ደህና ነው ትለኛለች። የተበላሸውን አጠፋሁ፣ ሁለት እጄን አጣምሬ ግንባሬን ደገፍኩበት፣ ዓይኔን ጨፍኜ ጸለይኩ። ጌታ ሆይ፣ እሱን መልስልኝ አልልህም፣ ስሙን ብቻ ተውልን አልኩ። እጄ ግንባሬ ላይ እንደነበረ ልብ በሉልኝ።

ቀጭ።

ከፊት ለፊቴ፣ ከኪቦርዱ። ከጣሪያው አይደለም፣ የውኃ ጠብታ ድምፅም አይደለም፣ የቁልፍ ድምፅ ነው፣ እሱም ከሌሎቹ ወፈር ያለ። ዓይኔን ለመግለጥ ፈራሁ፣ አልዋሻችሁም። ስገልጥ ምንም የለም። ኪቦርዱ እንደነበረ፣ ወንበሩ እንደነበረ፣ በሩ ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። ስክሪኑ ላይ ግን፣ ከታች ትእዛዝ በሚጻፍበት ቦታ፣ ቅድም ያልነበረች አንዲት የእንግሊዝኛ መስመር ወጥታለች። አላነበብኳትም፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እጄ ብቻ ሄዶ ሦስቱን ፊደል መታ።

«መቃ?»

ሰጠሁት። ደረጃው ከታች ተነሳ፣ እርከን በእርከን ወጣ፣ ከመሃል አልፎ ወጣ፣ ጥጉ ጋ ሲደርስ አልሮጠም፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ ላይኛው ወለል ላይ አረፈ። «ቶሌ።»

ለካሁት፣ ልክ ነው። አጠፋሁት፣ ሥዕሉን አርቄ ሠራሁት፣ ልክ ነው። ሌላ ቤት ከፍቼ ሠራሁት፣ ልክ ነው። ያን ጊዜ ነው ወደ ላይ ተመልሼ መስመሯን ያነበብኳት፣ ማግኔቱ ጠፍቷል ነው የምትለው።

ማግኔት የምንለው ምን መሰላችሁ፣ በእጅህ ስትሥል መስመርህ ከግድግዳው ጥግ ጋር በትክክል እንዲገናኝ ነጥቡን ወደ ቅርቡ ጥግ የሚስብልህ ነገር አለ፣ በኪቦርዱ የላይኛው ረድፍ ኤፍ ስሪ የምትባለዋን ቁልፍ አንዴ ስትጫን ይጠፋል፣ ደግመህ ስትጫን ይከፈታል። ለእጅ ጥሩ ነው፣ ለስክሪፕት ግን ጠላት ነው፣ ስክሪፕቱ ትክክለኛውን ነጥብ ሲሰጥ ማግኔቱ ይነጥቀዋል። ሥዕሉ ርቆ ሲታይ ጥጎቹ ስለሚቀራረቡ ይስባል፣ ቀርቦ ሲታይ አይደርስበትም፣ አንዴ ልክ አንዴ ስህተት ያደረገው ይሄ ነው። ቁልፏን ተጫንኩ፣ ተከፍቷል አለ፣ ደረጃው ተበላሸ። ተጫንኩ፣ ጠፍቷል አለ፣ ደረጃው ተስተካከለ።

እና ድምፁ። ቁልፏን ስጫናት ቀጭ አለች፣ ወፈር ብላ። ያን ድምፅ ለዓመታት ሰምቼዋለሁ፣ ደረጀ ሦስቱን ፊደል ከመምታቱ በፊት ግራ እጁ ሁልጊዜ ወደ ላይ ሄዶ ቀጭ ያደርግ ነበር፣ እኔ ልማድ ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ ሰው ከመቀመጡ በፊት ሱሪውን ከጉልበቱ ላይ ሳብ እንደሚያደርገው። ስክሪፕቱ ውስጥ ማግኔቱን አጥፋ የሚል መስመር የለም፣ ያ መስመር የእሱ ጣት ነበር። ጎንበስ ብዬ ኪቦርዱን አየሁት፣ በላይኛው ረድፍ ሁሉም ቁልፎች ጽሑፋቸው አለ፣ ያቺ ብቻ ተልጣ ባዶዋን ቀርታለች፣ ከመነካት ብዛት።

ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ብቻዬን፣ በተዘጋ ሱቅ ውስጥ። ስሙ ተረፈ፣ ያቺ የተላጠች ቁልፍ ምስክሩ ናት፣ አንድም ደረጃ ሳይጫናት አልሠራም። ከሞተ ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ሙሉ በሙሉ ተነሳ ማለት ባልችልም ፈቀቅ አለ፣ ትንፋሽ ገባኝ። የመጀመሪያዋን ቀጭ ማን እንዳደረጋት ያሰብኩት ሱቁን ቆልፌ፣ የሁሉቃ ወንዝን ድልድይ ተሻግሬ፣ ቤት ስደርስ ነው። ለአዬ ደረጃው እንደተገኘ ነገርኳት፣ ሌላውን አልነገርኳትም፣ ብነግራት ጸሎትህን ጌታ ሰማ ትለኛለች፣ ልክም ትሆን ይሆናል፣ ግን ጌታ ኤፍ ስሪን በዚያ ድምፅ ይጫናል ብዬ ለማመን ከበደኝ።

ጠዋት ጋሼ ብርሃኑ ወደ ማዘጋጃ ቤት ከመሄዱ በፊት መጣ። አሳየሁት። ማግኔቱን አጠፋ፣ ከፈተ፣ አጠፋ፣ ከፈተ፣ ደረጃው ሲስተካከልና ሲበላሽ አየ፣ የተላጠችውን ቁልፍ በአውራ ጣቱ ዳሰሳት። «እውነት ነው» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሁልጊዜ ጠቅ ያደርግ ነበር፣ እኔ ደግሞ ኪቦርዱ ምን አደረገህ እለው ነበር።» ፊቱን ወደ በሩ አዞረና መሀረቡን አወጣ። ወደ ማዘጋጃ ቤት መሄዱ ቀረ፣ የሚነገር ነገር የለም አለ።

ከዚያ የትላንቱን ትእዛዝ ወደ ላይ እየገፋ ማንበብ ጀመረ፣ የሞከርኩትን ሁሉ ተራ በተራ እያየ፣ ቅንፍ ባጎደልኩበት እየሳቀብኝ። ያቺ መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እንዴት ልትጫናት አሰብክ?»

«እኔ አልተጫንኳትም።»

«ክንድህ ነክቷት ይሆናል።»

እጄ ግንባሬ ላይ እንደነበረ ነገርኩት። ስክሪፕቱ ራሱ ተበላሽቶ አጥፍቶት ይሆን አልኩት፣ ቢሆንልኝ ደስ ባለኝ። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ስክሪፕት ማግኔቱን ሊያጠፋ ይችላል አለኝ፣ ግን ሲያጠፋ ዝም ብሎ ነው፣ ይቺ መስመር የምትጻፈው በሰው እጅ ሲነካ ብቻ ነው። ከዚያ ሁለታችንም ወንበሩን ላለማየት ስክሪኑን አየን። አንድ መስመር ጨምርበት አለኝ፣ ማግኔቱን ራሱ አጥፍቶ ሲጨርስ መልሶ እንዲከፍተው፣ ከዚያ በኋላ ማንም ምንም መጫን አያስፈልገውም፣ ለእኔም በፍላሽ አድርግልኝ። የምጨምረውን ነገረኝ። ለማሳየት ብሎ እንደገና ማግኔቱን ከፈተና ደረጃውን አበላሸው፣ «እንዳትረሳ፣ ክፍት ነው ያለው» ብሎኝ ሄደ።

ለኦቦ ቶለሳ ደወልኩ። ዋናው ደረጃ አልቋል ስላቸው የእሱ ነው፣ የእሱ ራሱ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። የእሱ ነው አልኳቸው። «ገለቶሚ፣ ኢልማ ኮ» ብለው አመሰገኑኝ።

ከዚያ ስክሪፕቱን ከፈትኩ። ጋሼ ብርሃኑ የነገረኝን መስመር ጻፍኩ፣ ሞከርኩት፣ ይሠራል፣ ሲጨርስም ማግኔቱን መልሶ ከፈተው፣ በፍላሽ ላይ ገለበጥኩለት፣ ሌላ ሰው እንዳይሳሳት የእሱ ይስተካከል። የእኛን ልዘጋ ስል ኮምፒውተሩ ላስቀምጠው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። መስመሯ ከገባች ያቺን ቁልፍ ከእንግዲህ የሚጫናት የለም። አታስቀምጥ አልኩት፣ የድሮውን ስክሪፕት መልሼ ከፈትኩ።

የኦቦ ቶለሳ ቤት የጓሮው አጭር ደረጃ ቀርቶ ነበር። ውጪው ብሩህ ነው፣ ሰው በደጁ ይተላለፋል፣ ትላንት የሰማሁት ቀጭታ ህልም መምሰል ጀምሯል። ማግኔቱ ክፍት ነው፣ ጋሼ ብርሃኑ ራሱ ነው የከፈተው፣ ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም። እንደ ደረጀ ግራ እጄን ወደ ላይ ሰደድኩና የተላጠችዋን ቁልፍ ተጫንኩ፣ ቀጭ አለች፣ ሊጠፋልኝ።

መስመሯ ግን «ማግኔቱ ተከፍቷል» አለች።

ዓይኔን አላመንኩትም፣ ደግሜ አነበብኳት። ተጭኜ የተከፈተው ጠፍቶ ስለነበር ነው። ከእኔ በፊት የተጫነ አለ ማለት ነው።

ፈርተህ ነበር ወይ ካላችሁኝ፣ አዎ። ግን አልሮጥኩም። ቁልፏን መልሼ ተጫንኳትና በርጩማዬን ትንሽ ወደ ጎን ሳብ አደረግሁ፣ ቦታ እንዲበቃ።